ገንዘብና ማዕከላዊ ባንክ፤ ንድፈ ሐሳቡ ከጉና ግርጌ ሲመረመር

ገንዘብ ምንድን ነው? ጥያቄው ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ገንዘብ በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢሆንም ምንነቱ ከብዙ ማኅበራዊ ክሥተቶች ይበልጥ ተሸፍኖ ይገኛል። ድንቹን በአህያ ጭኖ ከጉና ተራራ ግርጌ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወርደው ገበሬ ወራት የለፋበትን ምርት አስረክቦ በምትኩ አንድ የታተመ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ አይበላም፤ አይለበስም፤ አይዘራም። ይሁንና ገበሬው ሳያቅማማ ይቀበለዋል። ለምን? ማንን አምኖ? ያመነው አካል ቃሉን ባያከብርስ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? የገንዘብና የማዕከላዊ ባንክ ጥናት በመሠረቱ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የመፈለግ ጥረት ነው።

ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በኤኮኖሚክስና በባንክ ሥራ የሚሠለጥን ወጣት ሁሉ ይህን ትምህርት ሳይወስድ አይመረቅም። በደብረ ታቦር ከተማ የሚገኘውን ጨምሮ ቀደም ሲል ከፍተኛ ትምህርት ባልነበረባቸው አካባቢዎች ዩኒቨርሲቲዎች መከፈታቸው ለገንዘብ ጥናት አንድ ትልቅ ዕድል ፈጥሯል። ዕድሉ ምንድን ነው ቢባል፣ ንድፈ ሐሳቡ የሚነገርበት አዳራሽና ገንዘብ በተጨባጭ የሚሠራበት የገበሬው ገበያ በእግር መንገድ ርቀት ላይ መገናኘታቸው ነው። በዚህ ዕድል መጠቀም የሚቻለው ግን ትምህርቱ በሴሚናር መልክ ሲመራ ነው።

ሴሚናር አስተማሪው የሚያነበው፣ ተማሪው የሚገለብጠው ንግግር አይደለም። አንድ ጥያቄ በመካከል ተቀምጦ፣ ተሳታፊዎቹ አስቀድመው አንብበውና አጣርተው መጥተው፣ ሐሳብ ከሐሳብ የሚፋጭበትና ከፍጭቱም እውነቱ ነጥሮ የሚወጣበት የጥናት ስልት ነው። ገንዘብን የመሰለ በልማድ የተሸፈነ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይህን ስልት ይሻል። ምክንያቱም «ገንዘብ የመገበያያ፣ የዋጋ መለኪያና የሀብት ማከማቻ መሣሪያ ነው» ብሎ በቃል የሸመደደ ተማሪ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል እንጂ ገበሬው ወረቀቱን ለምን እንደሚቀበል አላወቀም።

ከአሞሌ የሚገኘው ትምህርት

ከውጭ የሚመጡት የመማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚጀምሩት አንድ ዓይነት ትረካ በማቅረብ ነው። ይኸውም ሰዎች በመጀመሪያ ዕቃን በዕቃ ይለውጡ ነበር፤ ይህ አስቸጋሪ ስለሆነባቸው ገንዘብን ፈጠሩ፤ ከዚያም ባንክ ተከተለ የሚል ነው። ትረካው ለማስታወስ ይመቻል፤ ታሪክን ግን ከሚገባው በላይ ያቀልለዋል። የጉና አካባቢ ተማሪ ይህን ለመገንዘብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጣና ምሥራቃዊ ሜዳ የነበረው የይፋግ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜኑ የቅፍለት መንገድ ላይ ከነበሩት ታላላቅ የንግድና የቀረጥ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። በዚህ ገበያ ከአፋር ሜዳ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የመጣው አሞሌ ጨው ሸቀጥም ነበር፤ ገንዘብም ነበር።

የአሞሌ ዋጋ በየቦታው አንድ አልነበረም። ከመገኛው እየራቀ በሄደ ቁጥር፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበትና በጭነት እየተሸራረፈ ስለሚሄድ፣ ይወደድ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ቅፍለቱ ስለሚቋረጥ አሞሌ ከጠገራ ብር አንፃር ዋጋው ከፍ ይል ነበር። በዚህ አነስተኛ እውነታ ውስጥ የገንዘብ ንድፈ ሐሳብ ሙሉ ምዕራፍ ተጠቃልሎ ይገኛል። የገንዘብ አቅርቦት፣ የዝውውር ፍጥነት፣ የምንዛሪ ተመን መዋዠቅ፣ የመንግሥት ድርሻ በቀረጥ መልክ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ የጨው ዘንግ ላይ ይነበባሉ።

ካርል ማርክስ «ካፒታል» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ ላይ የገንዘብን ተግባሮች በአምስት ከፍሎ መርምሯቸዋል። እነዚህም የዋጋ መለኪያነት፣ የዝውውር መሣሪያነት፣ የክምችት መሣሪያነት፣ የክፍያ መሣሪያነትና የዓለም ገንዘብነት ናቸው። ንድፈ ሐሳቡን የተቀበለም ሆነ የተቃወመ ተማሪ በደብረ ታቦር ታሪክ ላይ ሊፈትነው ይችላል። በአሞሌ ጥቃቅን ዕቃዎች ይገዙ ነበር። ጠገራ ብር ደግሞ በማሰሮ ተከቶ ይቀበር፣ ሴቶችም በአንገታቸው ያጌጡበት ነበር። ግብር በእህል፣ በማር፣ በአሞሌና በጠገራ ይከፈል ነበር። ከምጽዋ ባሕር ማዶ ለሚደረገው ንግድ ግን የሚያገለግለው ጠገራ ብቻ ነበር። አንዱ ገንዘብ አንዱን ተግባር፣ ሌላው ሌላውን ይፈጽም እንደነበር ሲረዳ፣ ተማሪው «አንድ አገር፣ አንድ ገንዘብ» የሚለው ሥርዓት የተፈጥሮ ስጦታ ሳይሆን የረጅም ታሪካዊ ሂደት ውጤት መሆኑን ይገነዘባል።

የብር እምነትና የወረቀት እምነት

ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ሳንቲም የኦስትሪያዋን ንግሥት ምስል የያዘ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ ይኸው ዓመት እንደተቀረጸበት መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነበር። የኢትዮጵያ ገበሬ ሳንቲሙን ሲቀበል የሚያምነው ንግሥቲቱን አልነበረም፤ ኦስትሪያንም አያውቃትም። የሚያምነው ብረቱንና በልማድ የለመደውን መልክ ነበር። ስለዚህም ጌጦቿንና በዘውዷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ እየቆጠረ ይመረምር፣ የተፋቀውን ወይም ያልለመደውን ይመልስ ነበር።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው አንድ ታሪካዊ ሐቅ አለ። አገራችን በአክሱም ዘመን፣ ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ታትም ነበር። ይህ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተቋረጠ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያለ ራሱ ሳንቲም ኖረ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ያስቀለጡት አፄ ቴዎድሮስ እንኳ በስማቸው ሳንቲም አላሳተሙም። መድፍ ለማቅለጥ ምድጃና ባለሙያ ይበቃል። ገንዘብ ለማተም ግን ከማተሚያው በላይ ግብሩን በዚያው ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ደመወዙን በዚያው የሚከፍል፣ በየገበያውም ቃሉ የሚታመን መንግሥት ያስፈልጋል። የገንዘብ ጥናት የመንግሥት ጥናት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ምስላቸውን የያዘውን ብር በፓሪስ ሲያሳትሙም ይኸው ችግር ገጠማቸው። አዲሱ ሳንቲም በክብደቱም በብሩ መጠንም ከጠገራው የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ጠገራውን ትቶ ወደ አዲሱ ለመሸጋገር ዳተኛ ሆነ። አዋጅ ብቻውን እምነትን አይፈጥርም። እምነት የሚፈጠረው ተደጋግሞ በተፈጸመ ግንኙነት ነው።

ባንክ በማን እጅ?

ከሳንቲም ወደ ባንክ የተደረገው ሽግግርም ቢሆን ከባለቤትነት ጥያቄ ተነጥሎ አይታይም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. በተፈረመ ውል ተቋቁሞ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ካፒታሉ በወረቀት ላይ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ሲሆን፣ ያቋቋመው በእንግሊዝ ጥቅም ሥር የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ለ50 ዓመት ገንዘብ የማውጣት ብቸኛ መብትም ተሰጠው። የአገሪቱ ገንዘብ አውጪ በውጭ ባለአክሲዮኖች እጅ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁኔታ እስከ 1923 ዓ.ም. ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር ባንኩ ተዘጋ፤ ሊሬም ገባ።

ከነፃነት በኋላ በአገሪቱ ገበያ ጠገራው፣ ሊሬውና የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሲቋቋም ካፒታሉ አንድ ሚሊዮን ማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣ የተቋቋመው ባንክ የራሱን አቅም የለካው በዚያው በጠገራው መሆኑ፣ አሮጌው በአዲሱ ውስጥ እንዴት እንደሚቆይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ ከወረቀቱ ገንዘብ ጋር ከእውነተኛ ብር የተሠራ ባለ 50 ሳንቲም እንዲወጣ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። ብረት ማመን የለመደውን ሕዝብ ወደ ወረቀት ለማሸጋገር የተዘረጋ ድልድይ ነበር። ቋንቋችንም ይህን ታሪክ በስሙ ይዞት ቀርቷል። ዛሬ ወረቀቱን «ብር» ስንል ብረቱን እየጠራን መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

የመንግሥት ባንክ ንግድ ባንክም ማዕከላዊ ባንክም ሆኖ 20 ዓመት ያህል ቆየ። ሁለቱ ተግባሮች የተለያዩት በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለየብቻ ሲቋቋሙ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በሙሉ ተወረሱ። በ1986 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ቁጥር 83 እና 84 የብሔራዊ ባንክ ሥልጣን እንደገና ተደንግጎ ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ በር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ እስከ ዛሬ ድረስ ክርክሩ ያው ነው፤ የብድርን በር ማን ይክፈት፣ ማን ይዝጋ?

ዕቁብና ባንክ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሴሚናሩ አስኳል መሆን ያለበት ግን የሚከተለው ጥያቄ ነው። ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ ከየት ይመጣል? በሕዝብ ዘንድ የተለመደው መልስ «ሰዎች ካስቀመጡት» የሚል ነው። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍትም ከዚህ ብዙም አይርቁም። ይህን መልስ ለመፈተን ከዕቁብ የተሻለ ማነፃፀሪያ አይገኝም።

ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር እየጣሉ ዕቁብ ቢጠጡ፣ ባለ ዕጣው 10,000 ብር ይወስዳል። እርሱ የወሰደው ሌሎቹ ከኪሳቸው ያወጡት ነው። በሃያዎቹ እጅ የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ አልጨመረም፤ አልቀነሰም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ።

አሁን ደግሞ በፎገራ ሜዳ፣ ወረታ ላይ ሩዝ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ከባንክ 500,000 ብር ተበደረ እንበል። ባንኩ ከማንም አስቀማጭ ሒሳብ ላይ አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። በመዝገቡ በአንደኛው ዓምድ ነጋዴው የ500,000 ብር ባለዕዳ መሆኑን ይጽፋል፤ በሌላው ዓምድ በነጋዴው ስም የ500,000 ብር ተቀማጭ ይመዘግባል። ከመዝገቡ በፊት ያልነበረ ተቀማጭ ተፈጠረ። ስለዚህ ተቀማጭ ብድርን ይፈጥራል የሚለው አባባል ተገልብጦ ሊታይ ይገባል፤ ብድር ተቀማጭን ይፈጥራል። ይህ የጥቂት ተቺዎች አስተያየት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ በ2006 ዓ.ም. ባሳተመው የየሩብ ዓመት መጽሔቱ፣ በዘመናዊ ኤኮኖሚ አብዛኛው ገንዘብ የሚፈጠረው ንግድ ባንኮች ሲያበድሩ መሆኑን በግልጽ አስረድቷል።

እንዲህ ከሆነ ባንክ ያለ ወሰን ለምን አይፈጥርም? የማዕከላዊ ባንክ ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ከተበደረው ውስጥ ለሩዝ አምራቹ ሲከፍል፣ አምራቹ ሒሳቡ በሌላ ባንክ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ባንክ ለሁለተኛው ባንክ ዕዳውን መክፈል አለበት። የሚከፍለውም ራሱ በፈጠረው ተቀማጭ ሳይሆን በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ካለው መጠባበቂያ ሒሳብ ላይ ነው። መጠባበቂያው ካነሰው መበደር ግድ ይሆንበታል። ብሔራዊ ባንክ የዚያን ብድር ዋጋና ሁኔታ በመወሰን ባንኮቹን ሁሉ ይገራል። በተጨማሪም የካፒታል መጠን፣ የተበዳሪው የመክፈል ችሎታና የቁጥጥር መመሪያዎች ልጓም ይሆናሉ። ለዚህም ነው ብሔራዊ ባንክ «የባንኮች ባንክ» የሚባለው።

በገበሬው ኪስ ያለው ወረቀት የማን ዕዳ ነው?

የብሔራዊ ባንክን የሀብትና የዕዳ መግለጫ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያላነበበ ሴሚናር ማዕከላዊ ባንክን አጥንቻለሁ ሊል አይችልም። በዕዳው ወገን ከሚሰፍሩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ በዝውውር ላይ ያለው የወረቀት ገንዘብ ነው። የጉናው ገበሬ ከድንች ሽያጩ ያገኘው ባለ 100 ብር በኪሱ ሲሆን ሀብት ነው፤ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ግን ዕዳ ሆኖ ተጽፏል። ገበሬው ሳያውቀው አበዳሪ ነው።

ታዲያ ከዚህ ዕዳ አንፃር በሀብቱ ወገን የሰፈረው ምንድን ነው? የውጭ ምንዛሪ ሊሆን ይችላል። ከባህላዊ አምራቾች የተገዛ ወርቅ ሊሆን ይችላል። ለባንኮች የተሰጠ ብድርም ይኖራል። ለመንግሥት ግምጃ ቤት የተሰጠ ብድርም ይኖራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አዲስ የወጣው ገንዘብ አዲስ ምርት ካስከተለ፣ ይኸውም መስኖ ካስገኘ፣ መንገድ ከዘረጋ፣ ሩዝ ከፈለፈለ፣ ገበሬው በወረቀቱ የሚገዛው ነገር አብሮ ይጨምራል። ምርት ያልተከተለው ከሆነ ግን በዚያው ምርት ላይ ብዙ ብር ይሽቀዳደማል፤ ዋጋም ይንራል። የዋጋ ንረት ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። ድርቅ፣ ጦርነት፣ የመጓጓዣ መቋረጥ፣ የዓለም ገበያ ዋጋም ድርሻ አላቸው። ሆኖም የገንዘብ አወጣጡ ከእነዚህ ጋር ሲደመር እሳቱን ያባብሳል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ጠቅላላ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በሆነ ጊዜ ገንዘቡን በእጁ ይዞ የነበረ ሁሉ፣ ሕግ ያላወጣው ግብር እንደከፈለ ይቆጠራል።

ይህን ግብር ሁሉም እኩል አልከፈለም። ቤትና መሬት ያለው፣ ዶላር ማግኘት የሚችል፣ በአነስተኛ ወለድ ተበድሮ ዕቃ ያከማቸ ሰው ራሱን ተከላክሏል፤ አንዳንዱም ተጠቅሟል። ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛው፣ ጥቂት ብር በቁጠባ ደብተር ያኖረችው ባልቴት ግን ከፍለዋል። የደጋው ገበሬ ትርፍ ሲያገኝ በግ የሚገዛው፣ እህል በጎተራ የሚያኖረው፣ በሬ የሚጨምረው ስለ ባንክ ካለማወቅ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች በሆነበት ጊዜ በግ ይወልዳል፤ ተቀማጭ ግን እየሟሸሸ ይሄዳል። ይህ ስሌት ነው።

ቅራኔው የት ላይ ነው?

ማዕከላዊ ባንክ ከአመጣጡ ጀምሮ በውስጡ ቅራኔ ያዘለ ተቋም ነው። የእንግሊዝ ባንክ በ1694 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው ለንጉሡ የጦርነት ወጪ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ነበር። የገንዘብን ዋጋ የመጠበቅ ኃላፊነት በኋላ የመጣ ነው። በአንድ በኩል የመንግሥት አበዳሪ፣ በሌላ በኩል የገንዘብ ዋጋ ዘብ መሆን የማዕከላዊ ባንክ ሁለት ፊት ነው።

በአገራችን የዚህ ቅራኔ መግለጫዎች ጥቂቶቹን እንመልከት። ብር ከዶላር ጋር የነበረው ተመን ከ1965 ዓ.ም. እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ በ2.07 ላይ ቆሞ ነበር። ተመኑ በወረቀት ላይ ሲጸና በጥቁር ገበያ ግን አንድ ዶላር ከይፋው ተመን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። የመጨረሻው እርምጃ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር መውረድ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ታዘዙ፤ መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። የመመሪያው ደጋፊዎች ለረጅም ጊዜ ልማት ገንዘብ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረም ይላሉ። ተቃዋሚዎች የአስቀማጩን ገንዘብ በአነስተኛ ወለድ ወደ መንግሥት ያዞረና የግል ብድርን ያጠበበ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚጨበጥ ነገር አለው። የሴሚናር ሥራ አንዱን መፈክር አድርጎ ማንሣት ሳይሆን፣ ገንዘቡ የት ደረሰ፣ ምን አመረተ፣ ወጪውንስ ማን ሸፈነ ብሎ መመርመር ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ወሰነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ አወጀ። ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር በላይ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ወጣ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ የዋጋ መረጋጋትን ዋና ዓላማ አድርጎ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥተኛ ብድር ገደብ አበጀለት።

እነዚህ ውሳኔዎች በአዲስ አበባ ይወሰኑ እንጂ ውጤታቸው ጉና ድረስ ይወጣል። የገብስና የድንች ማሳ የሚፈልገው ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የብር ዋጋ ሲወርድ የማዳበሪያው ዋጋ ወይ በገበሬው፣ ወይ በድጎማ በኩል በመንግሥት በጀት ላይ ይወድቃል። በአንፃሩ ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ሰሊጥ ወይም ቡና አምራች ከዚያው ውሳኔ ሊጠቀም ይችላል። አንድ የምንዛሪ ውሳኔ ለሁለት ገበሬዎች ሁለት የተለያየ ትርጉም አለው። «ለኤኮኖሚው ይጠቅማል» ወይም «ይጎዳል» የሚለው ጥቅል አነጋገር በሴሚናር ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ለማን? በምን ያህል? እስከ መቼ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሴሚናሩ ምን ይሥራ?

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው በመነሣት አራት ተግባሮችን ማመልከት ይቻላል።

አንደኛ፣ የብሔራዊ ባንክን ዓመታዊ ሪፖርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ። የሀብቱንና የዕዳውን ዓምድ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ዓመት ከዓመት ምን እንደተለወጠ መከታተል። ይህን ሥራ በእጁ የሠራ ተማሪ ከአስር ምዕራፍ ትርጓሜ የበለጠ ያተርፋል።

ሁለተኛ፣ የ1955፣ የ1986፣ የ2000 እና የ2017 ዓ.ም. አዋጆችን ዓላማ አንቀጾች ቃል በቃል ማነፃፀር። የብሔራዊ ባንክ ዓላማ በየዘመኑ እንዴት እንደተጻፈ የሚያይ ተማሪ፣ በየዘመኑ ማን ምን ይፈልግ እንደነበር ያነባል።

ሦስተኛ፣ ወደ ገበያ መውጣት። የገብስ፣ የድንች፣ የበግና የጨው ዋጋ በየሳምንቱ ይመዝገብ። ነጋዴው በምን ወለድ እንደሚበደር፣ ገበሬው ምርቱን በስንት ወር እንደሚሸጥ፣ ዕቁቡ ስንት ሰው እንደያዘ ይጠየቅ። በስልክ የሚዘዋወረው ገንዘብም አይዘለል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር የሚከፈለው ክፍያም የአንድ አካል ዕዳ፣ የሌላው ሀብት ነውና ጥያቄው ያው ነው።

አራተኛ፣ የጥናቱን ውጤት ሕዝቡ በሚረዳው አማርኛ መጻፍ። የገንዘብ እውቀት በባዕድ ቃላት ግንብ ውስጥ ሲታጠር ምሥጢር ይሆናል። ምሥጢር የሆነ ነገር ደግሞ ለተጠያቂነት አይመችም። «የዋጋ ንረት ምንድን ነው» ለሚል ገበሬ በሦስት ዓረፍተ ነገር መመለስ ያልቻለ ምሩቅ ጉዳዩን ራሱ አልተረዳውም ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ፋይዳ በሴሚናሩ አዳራሽ ተወስኖ አይቀርም። ዛሬ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ወጣት ነገ በአንድ ቅርንጫፍ ባንክ የብድር መስኮት ላይ ይቀመጣል። የማን ማመልከቻ እንደሚታይ፣ የማን እንደሚመለስ የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚያም አልፎ በብሔራዊ ባንክ ወይም በገንዘብ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ይሆናል። ገንዘብ ማለት ወረቀት ነው ብሎ የተማረ ሰው ወረቀት ያስተዳድራል። ገንዘብ በሰዎች መካከል ያለ የዕዳና የእምነት ግንኙነት መሆኑን የተማረ ሰው ግን እያንዳንዱ ፊርማው በሌላው ላይ የሚያስከትለውን ያውቃል።

ገበሬው ድንቹን አስረክቦ ወረቀቱን ሲቀበል የራሱን ድርሻ ፈጽሟል፤ ምርቱን አቅርቧል፤ ቃሉንም አክብሯል። የቀረው የሌላው ወገን ቃል ነው። ያንን ቃል የሚጽፉት፣ የሚቆጣጠሩትና የሚያስከብሩት ሰዎች ዛሬ በመማር ላይ ናቸው። ስለሆነም የገንዘብና የማዕከላዊ ባንክ ትምህርት ከሽምደዳ ተላቆ፣ በምርመራና በክርክር ላይ የቆመ፣ ከገበሬው ገበያ ጋር የተሳሰረ ጥናት እንዲሆን መምህራንም ተማሪዎችም ተግተው ሊሠሩ ይገባል።